ፈጣን ክንድ፣ የተረሳ ፍሬን

ባለፈው ግንቦት፣ አንድ ቅዳሜ ማታ፣ የ13 ዓመቱ ልጄ እንጀራውን በግራ እጁ ሲቆርስ እናቱ አየችው። «ምነው? ቀኝህ ምን ሆነ?» አለችው። «ምንም» አለ። ቀኝ እጁ ከገበታው ሥር ጭኑ ላይ ነበር። ከራት በኋላ የክርኑን የውስጥ በኩል በአውራ ጣቱ ቀስ አድርጎ ሲያሽ ደረስኩበት። ልጁ ቤዝቦል ይጫወታል፤ ቦታውም ፒቸር ነው፣ ኳሱን ለመቺው የሚወረውረው። ጠዋት ለአንድ ቡድን ወርውሮ ነው የመጣው፤ በማግስቱ እሑድ ለሌላ ቡድን ሊወረውር ቀጠሮ አለው።

አሰልጣኙ ጋ ደወልኩ። «ክንዱ ገና ስላልጠነከረ ነው፤ ክብደት ማንሳት ይጀምር፣ ይለቀዋል» አለኝ። እኛ እዚህ ሜሪላንድ ያለን ወላጆች ደጋግመን የምንሰማው መልስ ነው። ግማሹ እውነት ስለሆነ ለማመን ይቀላል፤ አደጋውም እሱ ነው። እኔ የምለው የፒቸር ክንድ የሚጎዳው ጉልበት አንሶት ብቻ አይደለም ነው። ያፈራው ጉልበት ሁሉ ለፍጥነት እየዋለ፣ ክንዱን ለሚያቆመው ፍሬንና ለዕረፍቱ የሚተርፍ ነገር ስለማይኖር ይጎዳል።

ውርወራው ምን እንደሆነ በቅርብ እንየው። ኳሱ 145 ግራም ገደማ ነው። ከፒቸሩ መቆሚያ እስከ መቺው ሰሌዳ 18 ሜትር ከ44 ሴንቲሜትር ይሆናል። በታላላቆቹ ፒቸሮች ላይ በተደረገ ልኬት፣ ክንዱ ወደፊት ሲወነጨፍ ትከሻው በሰከንድ 7,000 ዲግሪ ገደማ ይሽከረከራል፤ በሰው አካል ከተለኩት እንቅስቃሴዎች ከዚህ የሚፈጥን አይታወቅም። በዚያች ቅጽበት የክርኑን ውስጠኛ ጎን እንዳይከፈት የሚይዘው ከትንሽ ጣት የማይበልጥ ጅማት ነው። ክርኑ ላይ የሚያርፈው የመጠምዘዝ ኃይል 64 ኒውተን ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከአስከሬን ተወስዶ የተፈተነ ጅማት ግን በዚህ ግማሽ ገደማ ይበጠሳል። ታዲያ በየውርወራው ለምን አይበጠስም? ዙሪያውን ያሉት የክንድ ጡንቻዎች፣ ጣትና አንጓ የሚያጥፉት፣ ሸክሙን ስለሚጋሩት ነው። ጡንቻው ሲደክም ሸክሙ ለጅማቱ ይቀራል። በልጆች ላይ ደግሞ ቀድሞ የሚታመመው ጅማቱ የተያያዘበት፣ ገና ወደ አጥንትነት ያልተለወጠው ለስላሳ ክፍል ነው። የልጄም ሕመም እዚያ ላይ ነበር።

ይህ ጅማት ከተበጠሰ ድሮ የስፖርት ሕይወት አበቃ ማለት ነበር። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1974 የሎስ አንጀለስ ዶጀርሱ ፒቸር የቶሚ ጆን የግራ ክርኑ ጅማት ተበጠሰ። ዶክተር ፍራንክ ጆብ ከቀኝ ክንዱ ጅማት ወስዶ በክርኑ አጥንቶች ውስጥ በበሳው ቀዳዳ አሳልፎ አሰረለት። ሐኪሙ ራሱ ከ100 አንድ ዕድል ነበር የሰጠው። ቶሚ ጆን 1975ን በሙሉ አርፎ በ1976 ተመለሰ፤ ካሸነፋቸው 288 ጨዋታዎች 164ቱን ያሸነፈው ከቀዶ ጥገናው በኋላ ነው። ቀዶ ጥገናው ዛሬም በስሙ ይጠራል። ሰው ከዚህ ታሪክ የሚያስታውሰው የሐኪሙን እጅ ነው። እኔን ግን የሚያስገርመኝ ዓመት ሙሉ መጠበቁ ነው።

በዚያ ዘመን ክብደት ማንሳት ክንድን ያደነድናል ተብሎ ይፈራ ነበር። ፒቸሩ ኖላን ራያን ወደ ካሊፎርኒያ ኤንጅልስ ከተዛወረ በኋላ በ1972 ከዚህ ፍርሃት ወጥቶ ብረት ማንሳት ጀመረ፤ እስከ 46 ዓመቱ ወረወረ። ስለዚህ ጥንካሬን የሚንቅ ክርክር የለኝም። የኔ ጥያቄ ዛሬ ጥንካሬው ለምን ይውላል የሚል ነው። በታኅሣሥ 2024 የአሜሪካ ታላላቅ ሊጎች ጽሕፈት ቤት ያወጣው ሪፖርት አማካዩ ፈጣን ኳስ በ2008 በሰዓት 91.3 ማይል እንደነበር፣ በ2024 ግን 94.2 እንደደረሰ ያሳያል። በዋናውና በታችኛው ሊግ በዓመት የሚደረገው የቶሚ ጆን ቀዶ ጥገናም በ2010 ከነበረበት 104፣ በ2024 ወደ 281 አድጓል። የዘንድሮ ፒቸር ከአባቶቹ ይልቅ ጡንቻው የዳበረ፣ አመጋገቡ የተሻለ፣ አሰልጣኙም የበዛ ነው። ሆኖም ይሰበራል። ጡንቻ በወራት ይወፍራል፤ ጅማት ግን ዝግተኛ ነው። ሞተሩን አሳድገን የመንኮራኩሩን ብሎን እንደነበረ ትተነዋል።

ፍጥነት ለመጨመር ከሚሸጡት መንገዶች አንዱ ከመደበኛው የከበደ ኳስ መወርወር ነው። ከ13 እስከ 18 ዓመት ባሉ ፒቸሮች ላይ የ6 ሳምንት ሙከራ ተደርጎ በ2018 ታትሟል። ፍጥነታቸው በ3.3 በመቶ ጨመረ። ከእነዚያው ልጆች ግን ከአራቱ አንዱ ገደማ ተጎዳ፤ በመደበኛው ኳስ ከቀጠሉት የተጎዳ አልነበረም። ለ3 በመቶ የልጅ ክርን!

የፍሬን ልምምድ ከዚህ ሁሉ ርካሽ ነው፤ ለዓይንም አይማርክም። ኳሱ ከእጅ ከወጣ በኋላ ክንዱን ከትከሻው የሚጎትተው ኃይል የሰውየውን ክብደት ያህላል፤ የሚያቆመው የትከሻው የኋላ ጡንቻ ነው። ልጄ ላስቲክ ከአጥር ጋር ያስራል፤ የተጠቀለለ ፎጣ በብብቱ ይይዝና ክርኑን ከጎኑ ሳይለቅ እጁን ወደ ውጭ ይከፍታል፣ 15 ጊዜ። ከዚያ አልጋ ላይ በደረቱ ተኝቶ የግማሽ ኪሎ ክብደት ወደ ጎን ያነሳል። በመጨረሻ በአንድ እግሩ ቁጭ ብድግ ይላል፤ ዳሌና እግር ያልሰጡትን ጉልበት ክንድ ከራሱ ነውና የሚከፍለው።

ይህም ቢሆን ያለ ዕረፍት ከንቱ ነው። በበርሚንግሃም አላባማ ያለው የስፖርት ሕክምና ተቋም ተመራማሪዎች በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ ክንዳቸው ደክሞ አዘውትረው የሚወረውሩ ልጆች ለቀዶ ጥገና የመዳረግ ዕድላቸው 36 እጥፍ ነበር። በዓመት ከ8 ወር በላይ የሚወዳደሩት ደግሞ 5 እጥፍ። የትኛውም ላስቲክ 36 እጥፍን አይመልስም። በ2014 የወጣው የታላላቅ ሊጎቹ መመሪያ ለ13 እና ለ14 ዓመት ልጅ በቀን ከ95 ውርወራ አይበልጥም ይላል፤ 66 ከደረሰ 4 ቀን ያርፋል፤ በዓመት ቢያንስ 4 ወር ከውድድር ውርወራ ይርቃል። መመሪያው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የቅዳሜው ቡድን የቆጠረውን የእሑዱ ቡድን አያውቅም። በሁለቱ መካከል የሚመላለሰው ክርን አንድ ነው።

ያን ጊዜ ልጄን ያየችው ሐኪም 6 ሳምንት ኳስ እንዳይነካ አዘዘች፤ አሳረፍነው። ዘንድሮ እናቱ ቦርሳዋ ውስጥ ትንሽ ደብተር ይዛ አጥሩ ሥር ትቀመጣለች፤ በየውርወራው አንድ ጭረት፣ በየአምስቱ አግድም መስመር። ባለፈው ቅዳሜ 68 ጭረት ሆነ። ማታ የእሑዱ ቡድን አሰልጣኝ ደወለ፤ አንድ ዙር ብቻ፣ ሰው ጎድሎብኝ ነው አለ። ልጁ ጎኔ ቆሞ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ደብተሩን ገለጥኩና ቀኖቹን በጣቴ ቆጠርኩ።

«ሐሙስ ይመጣል» አልኩት።