የልደታ ከፍታና የድሮን ጭነት

መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ያደረገው ከልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። ከእንዲህ ያለ ከፍታ የሚነሣ አብራሪ ጭነቱን አስቀድሞ ያሰላል። ለቀረጻ በተሠራ አነስተኛ ድሮን ላይ የአየር ጥራት መለኪያ ለማንጠልጠል የሚያስብ ተመራማሪ ግን ድሮኑ ከመሬት ከተነሣለት በቂ ይመስለዋል።

ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። ልደታ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ አየሩ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ባዶው ድሮን እንኳ ለመንሳፈፍ ፕሮፔለሮቹን በ12 በመቶ ገደማ አፍጥኖ ማሽከርከር ይኖርበታል። 900 ግራም በሚመዝን ድሮን ላይ 270 ግራም ሲጨመር ክብደቱ በ30 በመቶ፣ የሚጠይቀው ኃይል ግን በ50 በመቶ ገደማ ያድጋል። ተበልቶ የሚያልቀው ትርፍ ኃይል ነፋስን ለመቋቋምና በሚወርድበት ጊዜ ለመቆም የተተወው ነው። ባትሪው ሲደክም ደግሞ አስቀድሞ የሚጠፋው ይኸው ትርፍ ነው። የተንጠለጠለው ዕቃ መወዛወዝ ሲጀምር ምን እንደሚከተል መገመት አያዳግትም፤ ከሥር ያለው የኮንዶሚኒየም ግቢና በውስጡ የሚጫወቱ ሕፃናት ናቸው።

የድሮኑ የማንሣት አቅም በዚሁ ከተማ፣ ግማሽ በጎደለ ባትሪ ሳይለካ የቀረበ የምርምር ፕሮፖዛል ባይጸድቅ ይሻላል።