አንዱን ሳትዘጊ ሌላውን አትክፈቺ



በዚህ ወር የምንነጋገረው ስለ አንድ አሮጌ የጭነት መኪና ነው። «አባታችንን ደግሞ ምን ነካቸው?» ብላችሁ ገጹን እንዳታልፉት፤ ነገሩ የገንዘባችሁና የወላጆቻችሁ ጉዳይ ነው። ብዙዎቻችሁ በስልክም በአካልም የምታነሡልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፤ «አባቴ ለዚህ ነገር ገንዘብ ላኪ ይሉኛል፤ ልላክ ወይስ ልተው?» የሚል ነው። በቤይሩት የምትሠራ አንዲት እኅታችንም ይህንኑ ጠይቃኝ ነበር። ስሟን ሳልጠራ ታሪኩን ላካፍላችሁ ፈቅዳልኛለች።

የእኅታችን አባት የአዳማ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው መጀመሪያ ረዳት፣ ኋላም ሾፌር ሆነው ከአሰብ ወደብ ጭነት ሲያመላልሱ ኖረዋል። ከብዙ ዓመት ድካም በኋላ ያጠራቀሙትን አውጥተው አንድ ፊያት ከነተሳቢው ገዙ። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ የአሰብ መንገድ ተዘጋ፤ የአገራችን ጭነትም ወደ ጅቡቲ ዞረ። መኪናዋ ጥቂት ጊዜ ወዲያ ወዲህ ካለች በኋላ የናፍጣ ፖምፓዋ ተበላሸ። ማሠሪያ ገንዘብ ስለጠፋ ከቤቱ ጀርባ ቆመች። ሣር በቀለባት፣ ዶሮ እንቁላል ጣለችባት። እኅታችን ለሥራ ከአገር ስትወጣም እንደቆመች ነበረች።

በ2010 ዓ.ም. አባት ደወሉና «ልጄ፣ መኪናዋን ላስነሣት እፈልጋለሁ፤ ጉልበቴ ጨርሶ ሳይደክም አግዢኝ» አሏት። ወንድሟ በበኩሉ «በኪሎ ለብረት ትሸጥ፤ አንቺ ጨምሪበትና ባጃጅ ግዢልኝ» አላት። በሁለቱ መካከል ግራ ገባት። እኔም የነገርኳት ይህንን ነበር፤ «ገንዘብ ከመላክሽ በፊት አባትሽን ሦስት ነገር ጠይቂያቸው። ሞተሩ በእጅ ሲዞር ይዞራል ወይ? ሥራውን የሚሠራው ማን ነው? ከሁሉ አስቀድሞ የሚሠራውስ የትኛው ነው?»

ስለ መኪናዋ ጥቂት ልበላችሁ። ፊያት 682 የሚባለው ይህ መኪና በጣሊያን አገር መሠራት የጀመረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1952 ነው። ከዓይነቶቹ አንዱ «ኤን 3» ይባላል፤ በጣሊያንኛ ሦስት «ትሬ» ስለሆነ የእኛ ሾፌሮች «ኤንትሬ» ብለው ሰየሙት። ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ነው። ኮምፒዩተር የሚባል ነገር የለበትም፤ ብረት፣ ዘይት፣ ናፍጣና አየር ብቻ ነው። ስለዚህ መኪናውን የሚያውቅ ሰው በእጁ እየዳሰሰ፣ በጆሮው እያዳመጠ ሕመሙን ይለያል። ቋንቋውም የነዚያ ሽማግሌዎች ቋንቋ ነው፤ ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ቸርኬ፣ ካቻቢቴ የምንላቸው ቃላት ሁሉ ከጣሊያን ከመኪናው ጋር የመጡ ናቸው። እንዲህ ላለ መኪና አንድ አሮጌ ሾፌር ከብዙ ገንዘብ ይበልጣል። ይህንን የአባቷን ሀብት እኅታችን በገንዘብ ቆጥራው አታውቅም ነበር።

አባትየው ለጥያቄዋ የሰጡት መልስ ደስ ያሰኛል። «ሞተሩ ይዞር አይዞር ገና አላወቅሁም። እርሱን ሳላውቅ አንድ ብርም አትላኪ» አሏት። ከዚያም ያለ ምንም ወጪ ሥራ ጀመሩ። ናፍጣ የሚረጩትን ኖዝሎች ፈትተው በየቀዳዳው ጥቂት ዘይት ጨመሩና ቀናት አሳደሩት። ብዙ ዘመን የቆመ ሞተር ሲሊንደሩና ፒስቶኑ በዝገት ሊጣበቁ ስለሚችሉ፣ በባትሪ በድንገት ቢያስነሡት ይሰበራልና ነው። ከዚያ ልጃቸው በብረት እያገዘ በእጅ ቢያዞሩት ቀስ እያለ ዞረ። የድሮውን ዘይትም አፍስሰው አዩት፤ ውኃ ቢገባበት ኖሮ ወተት የተቀላቀለበት ይመስል ነበር፤ ጥቁር ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ደውለው «አሁን እንነጋገር» አሏት።

ቀጥሎ «መጀመሪያ የሚሠራው ፍሬን ነው» አሏት። እርሷ ግን ሰው አይቶ እንዲያደንቀው ቀለሙ እንዲቀድም ፈልጋ ነበር። አባቷም «ልጄ፣ ቀለም ቁልቁለት ላይ አያቆምም» አሏት። የከባድ መኪና ፍሬን በአየር ይሠራል፤ ረጅም ጊዜ ከቆመ በአየር ጋኑ ውስጥ ውኃ ይጠራቀማል፣ ጎሚኒው ይደርቃል፣ ታምቡሩ ይዝጋል። እነዚህን፣ የፍሬን ሸራውንና መሪውን አስቀደሙ። ከዚያ የናፍጣ ጋኑን አጠቡ፤ ፊልትሮቹን ቀየሩ፤ ፖምፓውን ለባለሙያ ሰጡ፤ ራዲያተሩንም አስበየዱ።

ሽማግሌው አንድ ሕግ ነበራቸው። ልጃቸው ቸኩሎ ፍሬኑ ሳያልቅ ካምቢዮውን ሊፈታ ሲል «አንዱን ሳትዘጋ ሌላውን አትክፈት» ይሉታል። እኅታችንም በዚሁ ሕግ ትልክ ነበር። ከደመወዟ ሲሶውን እየለየች፣ አንዱ ሥራ ተጠናቅቆ ደረሰኙን በስልክ ፎቶ ሳታይ ለሁለተኛው አትልክም። አባቷ በዚህ አልተቀየሟትም፤ እንዲያውም «ሾፌርም ጭነት ሲያስረክብ ያስፈርማል» አሏት።

የዚህ ሕግ ጥቅም የታየው በ2012 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ ስንቶቻችሁ ደመወዛችሁ እንደቀረ፣ ስንቶቻችሁ ከነሻንጣችሁ ደጅ እንደተጣላችሁ ታውቁታላችሁ። እኅታችንም ከዓመት በላይ መላክ አልቻለችም። መኪናዋ ግን ተፈታትታ አልተበተነችም ነበር፤ የተሠራው ተሠርቶ ተዘግቷል፣ ያልተሠራውም አልተነካም። አባቷ ፖምፓውን በዘይት በተነከረ ጨርቅ ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ አስቀመጡት። «መኪናዋ ሃያ ዓመት ቆማለች፤ አንድ ዓመት ብትጨምር አትሞትም። አንቺ ለራስሽ ብዪበት» ነበር ያሏት። እርሷ ከደመወዟ ይልቅ ይህ ቃል እንዳቆማት ነግራኛለች።

ሥራው ሲቀጥል ሽማግሌው ራሳቸው ከባዱን ውሳኔ ወሰኑ። ተሳቢው ሻንሲው ዝጎ ስለነበር «ይህ አይድንም» ብለው በኪሎ አስሸጡት፤ ገንዘቡም ለጎማ መግዣ ረዳ። የድሮዎቹ ጎማዎች ጥርሳቸው ገና ነበር፤ ነገር ግን ጎማ ቆሞም ያረጃል፣ ጎኑ ይሰነጠቃልና ሁሉንም ቀየሯቸው። የጎደለውን ከቤይሩት እርሷ ጨመረች።

በ2014 ዓ.ም. አንድ እሑድ ለማስነሣት ተሰበሰቡ። 24 ቮልት እንዲሆን ሁለት ባትሪ ተያያዘ። በናፍጣ መስመር ውስጥ አየር ካለ ሞተር አይነሣም፤ ስለዚህ ልጁ በእጅ ፓምፑ ሲገፋ፣ አባት ቡሎኑን ላላ አድርገው አረፋው እስኪያልቅ ጠበቁ። ሞተሩ ሁለት ጊዜ እምቢ አለ፤ በሦስተኛው ተነሣ። ሽማግሌው ዐይናቸው ቢደክምም ጆሯቸው አልደከመም ነበርና፣ ጥቂት አዳምጠው «አምስቱ ይሠራሉ፣ አንዱ አኩርፏል» አሉ። ስልኩንም ወደ ሞተሩ አስጠግተው አሰሟት። በማግሥቱ ያኮረፈው ኖዝል ተስተካከለ።

ዛሬ መኪናዋ በአዳማ ዙሪያ አሸዋና ድንጋይ ትጭናለች። ወደ ጅቡቲ አትሄድም፤ አባት «አሮጌ በቅሎ ሩቅ አገር አይላክም» ብለዋል። ቤተሰቡን ባለጸጋ አላደረገችም፤ የዕለት ወጪያቸውን ግን ትሸፍናለች። ባጃጅ ይገዛልኝ ሲል የነበረው ወንድም መንጃ ፈቃድ አውጥቶ ይነዳታል፤ አባቱ አጠገቡ ስለቆሙም ማስተካከሉን ተምሯል። እኅታችን አሁን የምትልከው ቀንሷል፤ የራሷን ተቀማጭ በራሷ ስም ጀምራለች።

እኅቶቼ፣ ከዚህ በመነሣት የምመክራችሁ እነሆ። አሮጌ ነገር ሁሉ ይጠገናል ማለቴ አይደለም። ሊብሬው ከጠፋ ወይም በሌላ ሰው ስም ከሆነ፣ ሞተሩ ከተሰነጠቀ፣ ሥራውን የሚያውቅ ታማኝ ሰው ከሌለ ገንዘባችሁን አታፍስሱበት። የሦስተኛ ወገን መድንና የየዓመቱ ምርመራ ያላለፈ መኪና ደግሞ ገቢ ሳይሆን ዕዳ ነው፤ ይህንንም ወጪ ከመጀመሪያው አስሉት። ያወጣችሁት ገንዘብ ድርሻ ወይስ ስጦታ እንደሆነ ፍቅር ሳለ በጽሑፍ ይሁን፤ ጠብ ከመጣ በኋላ የሚጻፍ ወረቀት አያስታርቅም። ለሰው ሥልጣን መስጠት ካስፈለጋችሁም በቆንስላችን በኩል ውክልና ስጡ፤ ውክልናውም ለምን ጉዳይ ብቻ እንደሆነ በግልጽ ይጻፍበት።

ከሁሉ በላይ ወላጆቻችሁን ጠይቋቸው። ገንዘብ ልካችሁ «ደረሰ?» ብላችሁ ብቻ ስልኩን አትዝጉ። አባትሽ ሸማኔ ከሆኑ ስለ መወርወሪያው፣ እናትሽ ጠላ ጠማቂ ከሆኑ ስለ ጌሾው ጠይቂያቸው። የሚያውቁትን የጠየቅሻቸው ቀን ተጧሪ መሆናቸው ይቀርና ረዳትሽ ይሆናሉ። አባት ሳለ አጊጥ፣ ጀምበር ሳለ ሩጥ ይላሉ የአገራችን ሰዎች።

ከሰው ቤት ሥራችሁ በሰላም አግብቶ ለአገራችሁ ያብቃችሁ፤ የጀመራችሁትን ያስፈጽማችሁ።