ዓሣን መብላት በብልኃት፤ ስለ ባሕርና ስለ ዳርቻው ሀብት ትምህርት

«ዓሣን መብላት በብልኃት» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ የተነገረው ስለ አጥንቱ ነው። ዛሬ ግን ይህ ቃል ስለ ዓሣው ብቻ ሳይሆን፥ ዓሣው ስለሚኖርበት ውኃና ስለ ዳርቻው ሁሉ ሊነገር ይገባዋል። የዓሣ አጥንት የሚወጋው የበላውን ሰው ብቻ ነው፤ ያለ ብልኃት የተበላ ባሕር ግን ገና ያልተወለደውን ልጅ ጭምር ያስርባል። እንግዲህ ይህ ብልኃት ከማን ዘንድ ይገኛል? ተገኝቶስ በምን መንገድ እስከ ዓሣ አጥማጁ ታንኳ ይደርሳል? ለክቡራን የአገር ገዢዎች፥ ለወረዳ ሹማምንትና በውኃ ዳር መሬት ለያዙ ሁሉ በዚህ ጽሑፍ ላሳስብ የምወደው ነገር ይህ ነው።

ለዚህ ሥራ መልካም ምሳሌ የሚሆነን የአሜሪካ አገር ነው። (ስለ አሜሪካ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1862 ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን በፈረሙት ሕግ መንግሥቱ ለየክፍለ ግዛቱ መሬት ሰጠ፤ ከመሬቱም ሽያጭ በተገኘው ገንዘብ እርሻንና የእጅ ጥበብን የሚያስተምሩ ኮሌጆች ቆሙ። ነገር ግን ዕውቀት በኮሌጅ አጥር ውስጥ ተዘግቶ ቢቀር ገበሬውን እንደማይጠቅመው ስለ ታወቀ፥ በ1914 በወጣ ሌላ ሕግ ከኮሌጁ ተልኮ በገበሬው መካከል የሚቀመጥ አስተማሪ እንዲኖር ተደረገ። ይህ አስተማሪ የሊቃውንቱን ትምህርት ለገበሬው ያደርሳል፤ የገበሬውንም ጥያቄ ወደ ሊቃውንቱ ይመልሳል።

ለምድር የተደረገው ለባሕርስ ስለ ምን አይደረግም ብሎ በ1963 የጠየቀው አቴልስታን ስፒልሃውስ የተባለ ሊቅ ነው። ይህ ሰው በአፍሪካ ምድር በኬፕ ታውን ከተማ የተወለደ ሲሆን፥ በዚያን ጊዜ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ዲን ነበረ። አሳቡን የሮድ አይላንዱ ሴናተር ክሌይቦርን ፔልና የፍሎሪዳው የሕዝብ እንደራሴ ፖል ሮጀርስ ተቀብለው በምክር ቤት አቀረቡት፤ በ1966ም ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ፈርመውበት ሕግ ሆነ። ስሙም «ሲ ግራንት» ተባለ፤ ለባሕር የተሰጠ ስጦታ እንደ ማለት ነው። ዛሬ በዚህ ሕግ የሚሠሩ 34 ድርጅቶች በየዩኒቨርሲቲው አሉ። የወጪውም ደንብ ማዕከላዊው መንግሥት ሁለት ዶላር ሲሰጥ ተቀባዩ ከሌላ ወገን አንድ ዶላር እንዲጨምር ነው፤ ሰው ከኪሱ ያወጣበትን ነገር በንቃት ይጠብቃልና ይህ ደንብ በጎ ነው።

«እኛ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የለንም፤ ይህ ነገር ምን ያገባናል?» የሚል ሰው አይታጣም። መልሱ ግን ከአፋችን አይርቅም። በቋንቋችን ባሕር ማለት ጨው ያለበት ውኃ ብቻ አይደለም፤ ጣናን ባሕር እንላለን፥ በዳርቻው የተቆረቆረውንም ከተማ ባሕር ዳር ብለን ጠርተነዋል። አሜሪካኖችም ይህን ሥራ ለውቅያኖስ ብቻ አልተውትም። ዊስኮንሲን፥ ሚቺጋንና ኦሃዮ ከውቅያኖስ የራቁ ግዛቶች ሲሆኑ ለታላላቆቹ ሐይቆች የተቋቋመ ሲ ግራንት አላቸው፤ ቬርሞንት እንኳ አንድ ስንዝር የውቅያኖስ ዳርቻ ሳይኖራት በሻምፕሌን ሐይቅ ላይ የሚሠራ አላት። ጣናን፥ ዝዋይን፥ ሐዋሳን፥ አባያንና ጫሞን የያዘች አገር ከቬርሞንት ያነሰ ምክንያት አላት ሊባል አይችልም።

ሥራው ምን እንደሚጠቅም በአንድ ነገር እንመልከት። በ1988 በታላላቆቹ ሐይቆች አጠገብ፥ ሰውነቷ የተዥጐረጐረ፥ ከጥፍር የማትበልጥ ባለ ቅርፊት ፍጥረት ተገኘች። ከሩቅ አገር የመጣችው መርከቦች ሚዛን እንዲጠብቁ በሆዳቸው በሚጭኑት ውኃ ውስጥ ነው። ተባዝታ የከተሞችን የውኃ ቧንቧ ደፈነች። ተባዩን ከታላላቆቹ ሐይቆች ጨርሶ ማጥፋት አልተቻለም፤ ነገር ግን የሲ ግራንት አስተማሪዎች በየወደቡ እየዞሩ፥ ባለ ጀልባው ሁሉ ከአንድ ሐይቅ ወደ ሌላው ከመሻገሩ በፊት ጀልባውን እንዲያጥብ፥ ውኃውን እንዲያፈስና እንዲያደርቅ አስተማሩ። በዚህም ባለ ጀልባው ራሱ የሐይቁ ዘበኛ ሆነ።

እኛም በ2004 ዓ.ም. ገደማ በጣና ላይ እምቦጭ መታየቱን ሰምተናል፤ ብዙ ሺህ ሕዝብም በእጁ ሊነቅለው ወጥቷል። ይህ ድካም ምስጋና ይገባዋል። ይሁን እንጂ የእምቦጭ ዘር በጭቃ ውስጥ ብዙ ዓመት እንደሚቆይ፥ ከቁራጩም እንደገና እንደሚያቈጠቍጥ፥ ከእርሻ በጐርፍ የሚወርደው ማዳበሪያና ከከተማ የሚፈሰው እድፍ እንደሚመግበው ያልተማረ ሰው፥ ዛሬ የነቀለውን ከርሞ ደግሞ ይነቅለዋል። በውኃው ዳር የሚበቅለውን ደንገል የሚመነጥር፥ ባሕር ሸሽ የሚባለውንም መሬት እስከ ውኃው አፍ የሚያርስ ሰው ጐርፉን የሚያጣራውን አጥር እያፈረሰ መሆኑን የሚነግረው ያስፈልገዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የሲ ግራንት አስተማሪ የመቅጣት ሥልጣን የለውም፤ ደንብ አያወጣም፥ ግብር አያስከፍልም፥ መረብ አይወርስም። ይህ ጉድለቱ ሳይሆን ኃይሉ ነው። ቀጪ ሲመጣ አጥማጁ መረቡን ይደብቃል፤ መካሪ ሲመጣ ግን መረቡን ዘርግቶ የተቀደደውን ያሳየዋል።

በጆርጂያ ግዛት የሆነው ይህን ያስረዳል። ሽሪምፕ የሚያጠምዱ ሰዎች በሚጐትቱት መረብ ውስጥ የባሕር ኤሊ እየገባች፥ ለመተንፈስ ወደ ላይ መውጣት ስላልቻለች ትሞት ነበር። ሲንኪ ቡን የተባለ አጥማጅ ግን መረቡን የሚያከብድበትን ለስላሳ የባሕር ፍጥረት ለማስወጣት ብሎ በመረቡ ውስጥ የሚገባ የብረት ፍርግርግ ሠርቶ ነበር። የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ የባሕር አስተማሪዎች ከእርሱ ጋራ ሆነው መሣሪያውን ፈተኑት፤ ኤሊዋንም የሚያድናት ሆኖ ተገኘ። መንግሥት በ1987 እንዲህ ያለ መሣሪያ በመረብ ላይ እንዲደረግ ባዘዘ ጊዜ ብዙ አጥማጆች በብርቱ ተቃወሙት፤ ሆኖም መሣሪያው ከራሳቸው ወገን እጅ የወጣ እንጂ ከጽሕፈት ቤት የተላከ ብቻ አልነበረም። እንግዲህ ዕውቀት ከሊቅ ወደ አጥማጅ ብቻ የሚወርድ አይደለም፤ ከአጥማጅም ወደ ሊቅ ይወጣል። መውጫውን የሚጠርገው ግን የታመነ ሰው ነው።

መንግሥታችን በ1995 ዓ.ም. ስለ ዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315ን አውጥቷል። አዋጅ አስፈላጊ ነው፤ ግን አዋጅ ምክንያቱን አያስረዳም። በጣና የሚኖሩ፥ በሌላ አገር የማይገኙ የዓሣ ዘሮች በክረምት ወደ ርብ፥ ወደ ጉማራና ወደ መገጭ ወንዞች ወጥተው እንቍላላቸውን ይጥላሉ። በዚያን ጊዜ በወንዙ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው የያዘው የዛሬውን ዓሣ ብቻ ሳይሆን የሚመጡትን ዓመታት ዓሣ ነው። ይህን የተረዳ አጥማጅ ዘበኛ ባያየውም ይታቀባል፤ ያልተረዳው ግን ዘበኛው ዘወር ሲል ይመለሳል።

ዕውቀት ቀርቦ ሳለ መንገድ ቢያጣ ምን እንደሚሆን ለማየት ወደ አሜሪካ መሄድ አያሻንም። በዚያው በ1862ቱ ሕግ መሠረት የቆመው የኦክላሆማ ኮሌጅ ረድቶን፥ በዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ ተቋቁሞ በ1950 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተመረቀ። ትምህርትን ለገበሬ የማድረስ ሥራ በመጀመሪያ የኮሌጁ ነበር፤ ኋላ በ1950ዎቹ ዓመታት ወደ እርሻ ሚኒስቴር ተዛወረ። ከኮሌጁም አጠገብ የሐረማያ ሐይቅ ነበረ። ከሐይቁ ለሐረር ከተማ የሚጠጣ ውኃ ይሳብ ነበር፤ ገበሬውም ለአትክልቱና ለጫቱ ይስብ ነበር፤ ከተራቈተውም ኰረብታ አፈር እየታጠበ ይገባበት ነበር። ሊቃውንት ስለ ሐይቁ መርምረው ጽፈዋል፤ ሐይቁ ግን በ1990ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ደረቀ። በቅርብ ዓመታት ውኃው መመለስ መጀመሩ ደስ ያሰኛል፤ ትምህርቱ ግን ሊረሳ አይገባውም። ጥፋቱን በአንድ ወገን ብቻ መጫን አይገባም፤ ሁሉም እንደየድርሻው ቀድቷል፥ ቀሪውን የሚለካና ለሁሉ በአንድነት የሚነግር የታመነ ሰው ግን አልነበረም። «ውኃ ሲወስድ አሳስቆ» ይባላል፤ እዚያ ግን እያሳሳቀ የሄደው ውኃው ራሱ ነው።

ስለዚህ ለክቡራን ገዢዎችና ሹማምንት የማቀርበው አሳብ ይህ ነው። በየሐይቁ አጠገብ ያሉት እንደ ባሕር ዳር፥ እንደ ሐዋሳና እንደ አርባ ምንጭ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ስለ ውኃና ስለ ዓሣ የሚያውቁ መምህራን አሏቸው። እናንተ በበኩላችሁ አንድ የውኃ አስተማሪ በአጥማጆቹ መንደር እንዲቀመጥላችሁ ጠይቋቸው፤ ለአንድ ቀን መጥቶ ጠይቆ የሚሄድ ሳይሆን፥ ክረምቱንም በጋውንም የሚያይ ይሁን። ማደሪያና ጀልባ ስጡት፤ የወጪውንም ጥቂት እጅ ወረዳችሁ ይቻል። መሬታችሁ ከውኃው ጋራ የሚዋሰን ሁሉ ደግሞ ደንገሉን እንዳይነካ፥ አስተማሪው የሚለካበትንም ስፍራ በፈቃዱ እንዲሰጥ እለምናለሁ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ይህን ሰው የእናንተ ቀረጥ ሰብሳቢ፥ የብድር አስከፋይ ወይም የዘበኛ ረዳት አታድርጉት። የገበሬው አስተማሪ የማዳበሪያ ዕዳ እንዲያስከፍል በታዘዘ ጊዜ ገበሬው ምክሩንም እንደ ዕዳ ማየት መጀመሩን በየወረዳው አይታችኋል። መቅጣት ሲያስፈልግ የሚቀጣ ሌላ ሹም አለ፤ የሚታመን አስተማሪ ግን አንድ ጊዜ ከጠፋ በደብዳቤ አይተካም። በእናንተ ፊት እንኳ የማትወዱትን ቍጥር ቢናገር ታገሡት፤ ውኃው መጕደሉን በጊዜው የሚነግር ሰው ለገዢ ትልቅ ወዳጅ ነው።

ይህን ብናደርግ ዓሣን በብልኃት የበላን እንባላለን። ባናደርገው ግን የባሕር ዳርቻ ሹም የነበረው ሰው የደረቀ ሜዳ ሹም ሆኖ የሚቀርበት ቀን እንደሚመጣ ከሐረማያ ልንማር ይገባናል።