ስለ አሳማ ጠባይ

በአገራችን ሰው አሳማን ለስድብ ይፈልገዋል እንጂ ጠባዩን ሊያውቅ አይፈልገውም። ልጅ ልብሱን ጭቃ ነክቶት ቢመጣ አሳማ ይባላል፤ አብዝቶ ቢበላ አሳማ ይባላል፤ ትምህርት ያልገባውም እንደዚያው። ይህን የሚሳደበውን ሰው ግን፥ አሳማ እንዴት ይኖራል፣ ስለ ምንስ በጭቃ ይተኛል ብለው ቢጠይቁት አንዲት ቃል አይመልስም። ያላወቁትን ፍጥረት መስደቢያ ማድረግ ለልጅ የሐሰት መጀመሪያው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህም የዚህ እንስሳ ነገር በትምህርት ቤት ሊነገር ይገባል።

አንዳንድ ወላጆች ይህን ሲሰሙ፥ «ልጆቻችንን የማይበላ ሊያስበሉብን ነውን?» ይላሉ። ፍርሃታቸው አያስነቅፍም። በ1996 ዓ.ም. የካቶሊክ ሀገረ ስብከት መንበር በሆነችው በእምድብር ኦርቶዶክሱም ካቶሊኩም ሙስሊሙም ልጅ በአንድ ወንበር ጎን ለጎን ይቀመጣል፤ የአሳማን ሥጋ የማይቀምሰውም ወገን ብዙ ነው። ነገር ግን ማወቅ መብላት አይደለም። ጅብን የሚበላ የለም፤ የጅብን ጠባይ የማያውቅ እረኛ ግን በጎቹን ያስበላል። ኦሪት ዘሌዋውያንም በ11ኛው ምዕራፍ እሪያን የሚከለክለው ሰኮናው ተሰንጥቆ ሳለ ስለማያመሰኳ ነው፤ ሰነፍ ነው ወይም ደንቆሮ ነው የሚል ቃል በዚያ አይገኝም። ይህን የጨመርን እኛ ነን።

ጭቃውን እንመልከት። ሰውና ፈረስ ሙቀት ሲጸናባቸው ያልባቸዋል፤ ላቡም ሲደርቅ ሰውነታቸውን ያቀዘቅዘዋል። አሳማ ግን እንዲህ በላብ ሊቀዘቅዝ አይችልም። ስለዚህ ፀሐይ ሲበረታ በጭቃ ይንከባለላል፤ ጭቃውም ሰውነቱን ያበርድለታል፣ ቆዳውንም ከቃጠሎና ከተባይ ይጠብቅለታል። ስፍራ ከሰፋለት በሚተኛበት ቦታ አይጸዳዳም። በጠባብ በረት ዘግቶ በገዛ እዳሪው ላይ የሚያስተኛው ሰው ነው፤ ያው ሰው ተመልሶ፥ «እንዴት ያለ ቆሻሻ ነው!» ይላል። እናቲቱ 114 ቀን ያህል አርግዛ ልትወልድ ስትቃረብ ሣርና ቅጠል በአፏ እየለቀመች መኝታ ታሰናዳለች። ግልገሎቹም በተወለዱ በጥቂት ቀን ውስጥ እያንዳንዱ የራሱን ጡት ይለያል፤ ወንድሙ ቢመጣበት ይጣላል እንጂ አይለቅም። (ከዚህ ላይ ልጆች መሳቃቸው አይቀርም፤ ይሳቁ።)

ይህ ነገር ከእኛ አገር የራቀ አይደለም። የጉራጌ ቤት ኑሮው እንሰት ነው፤ እንሰትም ተተክሎ ለመፋቅ እስኪደርስ ከ4 እስከ 7 ዓመት ያህል ይቆያል። የዱር አሳማ ገብቶ አፍንጫውን እንደ ዶማ አድርጎ ከሥሩ ሲገለብጠው የዚያ ሁሉ ዓመት ድካም በአንድ ሌሊት ይጠፋል። ሰው የዱር አሳማንና ከርከሮን አንድ አድርጎ ይጠራቸዋል፤ ሁለቱ ግን ልዩ ልዩ ናቸው። ከርከሮ ቀን ወጥቶ የፊት ጉልበቱን አንበርክኮ ሣር ይግጣል፤ ሲመሽም ክራንቻው ወደ ደጅ እንዲሆንለት የኋሊት ወደ ጉድጓዱ ይገባል። ጠጕራሙ የዱር አሳማ ግን ቀን በጥሻ ተኝቶ ይውልና ሲጨልም በመንጋ ይወጣል። ይህን ያልለየ አባት ልጁን በማይገባ ሰዓት ለጥበቃ ያቆመዋል፤ ወይም ከርከሮውን እስከ ጉድጓዱ ተከትሎ በክራንቻው ይቈስላል።

መምህራን ሆይ፥ ይህን ትምህርት ስትጀምሩ ከመጽሐፍ አስቀድማችሁ ሌሊት የእንሰቱን ጓሮ ሲጠብቅ ያደረውን ልጅ አስነሡት። ብዙ ጊዜ በክፍል እንቅልፍ ወሰደው ተብሎ የሚቀጣው እርሱ ነው። ኮቴው ምን እንደሚመስል፣ የትኛውን ተክል አስቀድሞ እንደ ገለበጠ፣ እሳት ሲያይ ጩኸትም ሲሰማ ወዴት እንደ ሸሸ እርሱ ይናገር፤ ሌሎቹም በደብተራቸው ይጻፉ።