አፈር አገሩን ይናገራል



በክረምት ዝናብ ሲጥል ሐረር ጀጎል ውስጥ የምታዩትን እስቲ አስታውሱ። በጠባቡ መንገድ ጎርፍ ይወርዳል። ከግንቡ ውጭ ደግሞ ከማሽላውና ከጫቱ ማሳ የሚመጣ ሌላ ጎርፍ አለ። መልኩ ቀይ ነው። አፈር ተሸክሟላ! ሰሞኑን ኤረር በር አጠገብ ቆመን ስናይ አንዲት እናት «ልጆቼ፣ ይህ ሁሉ አፈር የት ገብቶ ያልቃል?» ብለው ጠየቁን። መልካም ጥያቄ ነው። ዛሬ ስለዚሁ እንነጋገር።

ከሐረር በስተምሥራቅ የሚወርደው ጎርፍ ወደ ኤረር ወንዝ ይሄዳል። ኤረር ወደ ዋቢ ሸበሌ ይገባል። ዋቢ ሸበሌ ኦጋዴንን አቋርጦ ሶማሊያ ይደርሳል። እዚያ ወደ ባሕሩ ከቀረበ በኋላ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይታጠፋል። አብዛኛውን ጊዜም ባሕር ሳይደርስ ረግረግና አሸዋ ውስጥ ይጠፋል። እንግዲህ የእኛ አፈር አብዛኛው በመንገድ ይቀራል ማለት ነው።

የአባይ አፈር ግን ባሕር ደርሷል። አባይና ተከዜ ከኢትዮጵያ ደጋ ይነሣሉ። ነጭ አባይ ከዩጋንዳ በኩል ይመጣል። ሦስቱም ሱዳን ውስጥ አንድ ወንዝ ይሆናሉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970 የአስዋን ትልቁ ግድብ ግብፅ ውስጥ ተሠርቶ አለቀ። ከዚያ በፊት ወንዙ ደለሉን እስከ ሜዲትራኒያን ባሕር ይወስድ ነበር። ደለሉ በባሕሩ ወለል ላይ በየዘመኑ ተነባብሮ ተቀምጧል።

ታዲያ ከባሕር ወለል የወጣ ጭቃ ከየትኛው ወንዝ እንደመጣ በምን ይታወቃል?

ቡናን አስቡ። የሐረር ቡና ከሌላ ቡና ጋር ተወቅጦ ቢደባለቅ በዓይን አይለይም። ቀማሹ ግን በጣዕሙ ያውቀዋል። አፈርም እንዲሁ ነው። ምንም ቢደቅ የወጣበትን ድንጋይ ምልክት ይዞ ይሄዳል።

ተመራማሪዎች ከመርከብ ላይ ረጅም ቱቦ ወደ ባሕሩ ወለል ይሰዳሉ። ቱቦው ጭቃውን እንደተነባበረ ያወጣዋል። የላይኛው አዲስ፣ የታችኛው አሮጌ ነው። ከዚያ የባሕር ቀንድ አውጣና የሌሎች ፍጥረታት ቅርፊት እንዳያሳስታቸው ጭቃውን በቀጭን አሲድ ያጥባሉ። ቀጥለው ስትሮንሺየም የተባለውን ንጥረ ነገር ይለካሉ።

ስትሮንሺየም የተለያዩ ዓይነቶች አሉት። አንዱ 86፣ ሌላው 87 ይባላል። ሩቢዲየም የተባለ ሌላ ንጥረ ነገር በጣም በረጅም ጊዜ ውስጥ ወደ 87 ይለወጣል። ስለዚህ ሩቢዲየም የበዛበት ያረጀ ድንጋይ 87 ይበዛበታል።

የአባይና የተከዜ ደጋ በብዛት ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ድንጋይ ነው። ለድንጋይ ይህ ልጅነት ነው! ሩቢዲየሙም ጥቂት ነው። በነጭ አባይ በኩል ያለው ድንጋይ ግን እጅግ ያረጀ ነው። በአባይ ደለል 87 ለ86 ሲካፈል 0.706 ገደማ ይሆናል። በነጭ አባይ ደለል ከ0.71 ይበልጣል። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ መሣሪያው ግን ይለየዋል። የባሕሩ ጭቃ ቁጥር ወደ የትኛው እንደሚጠጋ አይተው ከየወንዙ ምን ያህል እንደመጣ ያሰላሉ።

ቁጥሩ ከንብርብር ንብርብር ይለያያል። ዝናብ ሲበዛና ሲያንስ፣ ደጋው በሣርና በዛፍ ሲሸፈንና ሲራቆት ወንዞቹ የሚያመጡት አፈር ይለዋወጣልና። በዘመናችን በተለካው መሠረት ከግድቡ በፊት ናይል ከተሸከመው ደለል ከ10 እጅ 9 እጅ በላይ የሚሆነው ከኢትዮጵያ ደጋ የታጠበ ነበር።

ይህ ነገር ለእኛ ምናችን ነው? ሩቅ ሳንሄድ ሐሮማያን እንይ። ሐረር ለብዙ ዓመታት ውሃ የምትጠጣው ከሐሮማያ ሐይቅ ነበር። ሐይቁ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደረቀ። ውሃው ያለ ልክ ተሳበ። ከዙሪያው ኮረብታ የታጠበው ደለልም ሆዱን ሞላው። ከብዙ ዓመት በኋላ ውሃ መልሶ መያዝ ቢጀምርም በዚያ ዘመን ከተማው የጠማውን ጥም ሰው አልረሳውም።

ባሕር ወለል ላይ ያለ አፈር አገሩን ይናገራል፤ አገሩ ግን አይመለስም። ማሳችን ላይ ሳለ በእርከን፣ በሣርና በዛፍ ብንይዘው ይሻላል።

እስቲ ሞክሩት፦ ጎርፍ በብርጭቆ ቅዱና አሳድሩት። ጠዋት አሸዋው ከታች፣ ልሙ አፈር ከላይ ተነባብሮ ታገኙታላችሁ።

ጥያቄዎች
1. ዋቢ ሸበሌ አብዛኛውን ጊዜ የት ይጠፋል?
2. የአባይ ደለል ከነጭ አባይ ደለል በምን ይለያል?
3. በእናንተ ሰፈር ጎርፍ አፈሩን የሚወስደው ከየት ነው? ምን ልታደርጉ ትችላላችሁ?

የቃል ፍቺ
ደለል፦ ወንዝ ወይም ጎርፍ አምጥቶ የሚያስቀምጠው ልም አፈር።