መሬት ላይ የተሠራ ስህተት

የሄሊኮፕተር አደጋ በተሰማ ቁጥር የሚቀድመው ጥያቄ «አብራሪው ምን አጠፋ?» የሚል ነው። ሟች ተነሥቶ አይከራከርምና መልሱም ቶሎ ይገኛል። ልምድ ያላቸው አብራሪዎች መንገድ ስተው ሲሞቱ ግን፣ ምርመራው መንገዱን ካዘጋጀላቸው አካል መጀመር አለበት ብዬ አምናለሁ።

እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 2017 ከእኩለ ሌሊት በኋላ አንድ የአየርላንድ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ሄሊኮፕተር አራት ሠራተኞችን ይዞ ወደ ብላክሶድ እየተጠጋ ነበር። ከዓሣ አስጋሪ መርከብ ጉዳተኛ ሊያነሣ ወደ አትላንቲክ የወጣ ሌላ ሄሊኮፕተር ነበረና እሱን ለማገዝ መሄዳቸው ነው፤ ብላክሶድ ላይ የሚያርፉት ነዳጅ ለመሙላት ነበር። ሁለቱም አብራሪዎች ካፒቴኖች ናቸው፤ ዋናዋ ከ5,000 ሰዓት በላይ በረዋል። ወደ ብላክሶድ ከሄዱ ግን ሁለቱም ቆይተዋል።

ጨለማ ነው፤ አየሩም ከፍቷል። ባሕሩ ላይ እስከ 200 ጫማ ዝቅ ብለው፣ ድርጅታቸው በበረራ ኮምፒዩተሩ አስቀድሞ የጫነውን መንገድ ያዙ። የመንገዱ መነሻ ነጥብ ብላክሮክ ነው። ብላክሮክ ደግሞ 282 ጫማ ከፍታ ያላት፣ የመብራት ማማ የቆመባት ዐለታማ ደሴት ናት። ሄሊኮፕተሩ ከዐለቷ ጫፍ በታች እየበረረ በቀጥታ ወደ እርሷ አመራ።

መሬት ሲቃረብ የሚያስጠነቅቀው መሣሪያ ዝም አለ፤ መረጃ ቋቱ ውስጥ ደሴቷም ማማዋም አልነበሩም። ደሴቷን ያየው ከኋላ የሙቀት ካሜራውን ሲከታተል የነበረው ባልደረባቸው ነው። ወደ ቀኝ እንዲታጠፉ ቢነግራቸውም የቀራቸው ጊዜ ሰከንዶች ብቻ ስለነበር አልደረሱም። አራቱም ሞቱ፤ የሁለቱ አስከሬን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ከሁሉ በላይ የሚያስቆጣኝ ግን ከዚህ በፊት የሆነው ነው። የመብራት ማማው በማስጠንቀቂያ መሣሪያው ላይ እንደማይታይ እ.ኤ.አ. በ2013 በኢሜይል ተጠቁሞ ነበር። አራት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ጉድለቱ ሳይታረም ቆየ። በ2021 የወጣው የመርማሪዎች ሪፖርት 42 የደኅንነት ምክረ ሐሳቦችን ማቅረቡ ችግሩ ከሁለት አብራሪዎች እጅ የሰፋ እንደነበር ያሳያል።

ልምድ ከእንዲህ ያለው አደጋ ያድናል ብሎ መተማመንም አይገባም። በሌሊት ዐይን የማያየውን አብራሪ የሚያየው በተሰጠው ካርታና መሣሪያ ነው። ሰነዱን ማመን ሥራው ያስተማረው ሥርዓት እንጂ ቸልተኝነት አይደለም።

ለጥፋተኝነት ፍርድ መቸኮል ያስከተለውን በደልም አይተናል። እ.ኤ.አ. በ1994 ስኮትላንድ ውስጥ ሙል ኦፍ ኪንታየር ላይ የብሪታኒያ አየር ኃይል ቺኑክ ሄሊኮፕተር ተከስክሶ 29 ሰዎች ሲሞቱ፣ ሁለቱ አብራሪዎች በከባድ ቸልተኝነት ተወነጀሉ። ውንጀላው የተነሣላቸው በ2011 ነው። ቤተሰቦቻቸው ያን ሁሉ ዘመን ስማቸውን ለማጽዳት ሲሟገቱ ኖሩ።

ስለዚህ የበረራ መንገድ የሚያዘጋጅ ድርጅት እያንዳንዱን መንገድ በስሙ የሚጠየቅበት ኃላፊ ይመድብ። ከአብራሪ የሚመጣ ጥቆማ ቀን ተቆርጦለት ይመለስ፤ እስኪታረምም ያ መንገድ ይዘጋ። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትም ይህ መፈጸሙን አደጋ ሳይደርስ ይመርምር። ሌላውን ለማዳን በሌሊት የሚወጡ ሰዎች ከእኛ ሊያገኙ የሚገባቸው ትንሹ ነገር ትክክለኛ ካርታ ነው።