ስትሮጡ እጃችሁን ባዶ አድርጉ!



የዛሬው ጽሑፍ አንዳንዶቻችሁን ላያስደስት ይችላል። ጠዋት መስቀል አደባባይ የሚሮጠውን ሰው ተመልከቱ። በአንድ እጁ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ፣ በሌላው እጁ ስልክ። ሩጫው ግን ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። ይህ አያያዝ በየማኅበራዊ ሚዲያው የ«ጤናማ አኗኗር» ምልክት ተደርጎ ይታያል። እኔ ግን እላለሁ፦ ለአብዛኞቻችሁ ውሃው አያስፈልግም። ስልኩ ያስፈልጋል፤ ቦታው ግን እጃችሁ አይደለም። በእርግጥ መያዝ የነበረባችሁን ነገር ደግሞ ብዙዎቻችሁ ቤት ትታችሁት ነው የምትወጡት።

አንድ በአንድ እንየው።

1. ውሃው

«ውሃ ሳትይዝ አትሩጥ» የሚለው ምክር ለሁሉም ሰው አይሠራም። ጤነኛ ሰው እንደ አዲስ አበባ ባለ ቀዝቃዛ ጠዋት ከአንድ ሰዓት በታች ለሚሮጠው ሩጫ ውሃ ተሸክሞ መሄድ የለበትም። ሳይወጣ ትንሽ ጠጥቶ፣ ሲመለስ ደግሞ በጥሙ ልክ መጠጣት ይበቃዋል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከክብደቱ 2 በመቶ፣ ማለትም 1.2 ኪሎ ገደማ በላብ እስኪያጣ ድረስ ሰውነቱ አብዛኛውን ጊዜ ይችለዋል።

ካላመናችሁኝ ራሳችሁን መዝኑ። ሽንት ቤት ገብታችሁ ከወጣችሁ በኋላ በቀላል ልብስ ተመዘኑ፤ ሮጣችሁ ስትመለሱ ላባችሁን ጠርጋችሁ እንደገና ተመዘኑ። የጎደለው 1 ኪሎ ማለት በግምት 1 ሊትር ላብ ማለት ነው። በቀዝቃዛ ጠዋት ግማሽ ሰዓት የሮጠ ሰው የሚያጣው ቁርስ ላይ በሚጠጣው ውሃና ሻይ የሚተካ ነው።

«ታዲያ ውሃ ቢበዛ ምን ይጎዳል?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ይጎዳል! ከሚያስፈልገው በላይ ውሃ ሲጠጣ በደም ውስጥ ያለው የሶዲየም መጠን ይቀንሳል፤ ሲብስ አንጎል ያብጣል። እ.ኤ.አ. በ2002 በቦስተን ማራቶን ሩጫውን ከጨረሱ 488 ሯጮች ደም ተወስዶ ሲመረመር 13 በመቶዎቹ ሶዲየማቸው ከሚገባው በታች ወርዶ ነበር፤ የ3ቱ ደግሞ ለሕይወት የሚያሰጋ ነበር። ከሁሉ በላይ የተጋለጡት እነማን ናቸው? ሲሮጡ ክብደት የጨመሩት፣ ማለትም ካጡት በላይ የጠጡት። ከ4 ሰዓት በላይ የፈጀባቸው ሯጮችም እንዲሁ።

በእርግጥ ያ ማራቶን ነው፤ ግማሽ ሰዓት ሮጣችሁ እዚያ አትደርሱም። ነገር ግን «በጠጣህ ቁጥር ጤና ነው» የሚለው አስተሳሰብ አንድ ነው። ለጤነኛው የማይጎዳው ምክር ደግሞ ለታማሚው አደጋ ሊሆን ይችላል። የልብ ድካም ወይም የኩላሊት ሕመም ኖሮባችሁ ፈሳሽ በልክ እንድትወስዱ የተነገራችሁ፣ ወይም ለደም ግፊት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የምትወስዱ ሰዎች፣ የመጠጥ ልካችሁን ከሐኪማችሁ እንጂ ከቲክቶክ አትቀበሉ።

ይህንንም ያዙ፦ ረጅም ርቀት የሮጠ ሰው ራሱን ካመመው፣ ካስመለሰው፣ ከተደናገረ ወይም ካንቀጠቀጠው «ውሃ አንሶት ነው» ብላችሁ በግድ አታጠጡት። ውሃ በዝቶበትም ሊሆን ይችላል። ፈጥናችሁ ሆስፒታል አድርሱት።

2. ስልኩ

ስልክ ቤት ተዉት አልልም። ብቻውን የሚሮጥ ሰው ስልክ ሊኖረው ይገባል። የምቃወመው በእጅ መያዙን ነው።

ሰው ሲወድቅ እጁን ዘርግቶ ራሱን ያድናል። ሁለቱም እጆቻችሁ ከተያዙ ግን ስልኩን ለማዳን ስትሉ ፊታችሁን፣ ጥርሳችሁንና ክርናችሁን ትሰጣላችሁ። የእግረኛ መንገዳችንን ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ የተነሳ ድንጋይ አለ፣ ክዳን የሌለው ጉድጓድ አለ። በዚያ ላይ ዓይናችሁ ስክሪን ላይ፣ ሁለቱም ጆሮዎቻችሁ በኢርፎን የተደፈኑ ከሆነ ክላክስ አትሰሙም፣ ከኋላ የሚመጣውን ስልክ መንታፊም አታዩም። አንድ እጅ ላይ ክብደት ይዞ መሮጥም ትከሻና አንገትን ያስጨንቃል።

«ፍጥነቴንና ርቀቴን በምን አያለሁ?» ትሉኛላችሁ። አፑ ስልኩ ወገባችሁ ላይ ሆኖም ይመዘግባል፤ ስትጨርሱ እዩት። «በታላቁ ሩጫ ቪዲዮ ልቀርጽ እኮ ነው» ለምትሉም፦ ቅረጹ፣ ግን ዳር ወጥታችሁ፣ ቆማችሁ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል እየሮጡ ወደ ስክሪን ማየት ራስንም ሌላውንም መጣል ነው።

መፍትሔው ውድ ዕቃ አይደለም። እናቶቻችን ገንዘባቸውን በመቀነት ቋጥረው ገበያ ውለው የሚገቡት ወገብ ሸክምን ሳያወዛውዝ ስለሚይዝ ነው። ጠበቅ ብላ የምትታሰር ቀጭን የወገብ ቦርሳ፣ ወይም ከኋላ ዚፕ ያለው ኪስ ያለው ቁምጣ ወይም ታይት ይበቃል። ስልኩን ላብ እንዳያበላሸው በትንሽ ላስቲክ ጠቅልሉት። ከመውጣታችሁ በፊት ቤት ውስጥ አሥር ጊዜ ዝለሉ፤ ከተንገጫገጨ አጥብቁት። ሰፊ የቱታ ኪስ ውስጥ አትክተቱት፤ ሱሪውን ይጎትታል፣ ጭንን ይመታል። ጡት መያዣ ውስጥ የምትከቱ እህቶች ደግሞ ላቡና ፍትጊያው ቆዳችሁን ሊያቆስል እንደሚችል እወቁ።

3. በእርግጥ መያዝ ያለባችሁ

ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊበንክላማይድ ያለ ስኳር የሚያወርድ መድኃኒት የምትወስዱ፦ ከረሜላ፣ ወይም ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በትንሽ ላስቲክ ቋጥራችሁ ያዙ። ከተንቀጠቀጣችሁ፣ ካላባችሁ፣ ካዞራችሁ ቁሙና ወዲያው ውሰዱት። በዚያ ሰዓት ውሃ አያድናችሁም።

አስም ያለባችሁ፦ ፓፋችሁን ያዙ። ሃይላንድ የሚይዝ ሰው ፓፍ ከበደኝ ሊል አይችልም።

ሁላችሁም፦ ስማችሁ፣ ሕመማችሁ፣ መድኃኒታችሁና የቅርብ ቤተሰብ ስልክ የተጻፈበት ወረቀት ያዙ። ስልካችሁ ላይም ተቆልፎ እያለ የሚታየውን የአደጋ ጊዜ መረጃ ሙሉ። ራሱን ስቶ ድንገተኛ ክፍል የሚመጣ ሰው የተቆለፈ ውድ ስልክ ይዞ ስሙ እንኳ የማይታወቅበት ጊዜ አለ። ያ ስልክ ለሐኪሙ ምን ይሠራለታል?

4. ለወላጆች

ልጃችሁ ለስፖርት ሲወጣ አንድ ሊትር ውሃ በግድ አታጠጡት፤ ሆዱን ይነፋዋል፣ ያስመልሰዋል። ጠርሙሱን ሜዳው ዳር ያስቀምጥ፤ በየእረፍቱ የፈለገውን ያህል ይጠጣ። ሕፃናት በጨዋታ መሃል መጠጣት ስለሚረሱ በሙቀት ጊዜ አስታውሷቸው። ስታስታውሱ ግን «ጠጣ» ብሎ ማቅረብ ሌላ፣ «ጨርስ!» ብሎ ማስገደድ ሌላ ነው። አስም ወይም ስኳር ያለበት ልጅ ከሆነ ፓፉ ወይም ስኳሩ የት እንዳለ አሠልጣኙ ይወቅ። ይህ ከውሃው ይቀድማል።

5. ውሃ መያዝ ያለበት ማነው?

ከአንድ ሰዓት በላይ የሚሮጥ፣ እንደ ድሬዳዋና ጋምቤላ ባለ ሙቀት የሚሮጥ፣ በዱባይ ወይም በጅዳ በጋ ከቤት ውጭ የሚሮጥ፣ ውሃ የሚገዛበት ሱቅ በሌለበት የሚሮጥ ሰው ይያዝ። እሱም ቢሆን በእጁ አይደለም። ከአንድ ትልቅ ጠርሙስ ይልቅ ሁለት ትንንሾችን በወገብ ቀበቶ ግራና ቀኝ ማድረግ ሚዛን ይጠብቃል። ሲጠማችሁ ጎንጨት እያላችሁ ጠጡ።

ጾመኞችስ? ውሃ በማትጠጡበት ሰዓት የምትሮጡ ከሆነ ሩጫውን ወደ መፍቻው ሰዓት አስጠጉት፣ አሳጥሩት፣ አቅልሉት። ካዞራችሁ አቁሙ።

ለማጠቃለል፦ ሩጫ ርካሹ መድኃኒት ነው፤ ዕቃ በማብዛት አናክብደው። «ጠርሙስና ቀበቶ ሳልገዛማ አልጀምርም» ብላችሁ የተቀመጣችሁም ነገ ጠዋት በባዶ እጃችሁ ውጡ። ስልኩ ወገብ ላይ፣ መድኃኒቱ ኪስ ውስጥ፣ እጅ ነፃ! ስትሮጡ ደረታችሁን ካመማችሁ ወይም ራሳችሁን ከሳታችሁ ግን ሩጫውን አቁማችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ታከሙ።

ይህ አጠቃላይ ምክር ነው፤ የራሳችሁን ሁኔታ ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ። በሁለት እጁ ዕቃ ይዞ ለሚሮጥ ወዳጃችሁ አጋሩት።